ለ12 ቁርጥ መጋዝ ልግዛ ወይስ ልከራይ?

የልጄ መጻሕፍት ወለል ላይ መከመር ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በምትገኘው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን፣ ከሳሎኑ መስኮት ጎን፣ አንድ ሜትር የማትሞላ ባዶ ግድግዳ አለች። ለዚያች ግድግዳ የሚሆን መደርደሪያ ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ የቤት ዕቃ መሸጫዎችን ዞርሁ። ያየሁት ሁሉ ወይ ለቦታው ይሰፋል፤ ወይ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ስለዚህ ራሴ ልሥራው ብዬ ወሰንሁ። በእጄ የነበሩት መዶሻ፣ ካቻቢቴና ሜትር ብቻ ናቸው። መጋዝ አልነበረኝም።

ልግዛ ወይስ ልከራይ? ምክር የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መልስ አላጣም። የሥራ ባልደረባዬ «ግዛው፤ ንብረት ይሆንሃል» አለኝ። ባለቤቴ «ለአንድ መደርደሪያ ብለህ ማሽን ገዝተህ የት ልታስቀምጠው ነው?» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ ደውሎ እርሱ ዘንድ ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጣ መጋዝ እንዳለና ሰው ሲመጣ ሊልክልኝ እንደሚችል ነገረኝ። አንድም ሰው ግን «ስንት ቁርጥ ነው የምትቆርጠው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ አንድ የሰፈራችን አዛውንት አናጺ ናቸው። ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ጥያቄውን ከእኔ ቀድሞ ራሱን እንዲጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። መደርደሪያው 180 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው አሰብሁ። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ገዛሁ። ሙሉው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። በቁመቱ ሲሰነጠቅ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር አራት ረጃጅም ቁራጮች ይወጡታል። ከሁለቱ ቁራጮች ባለ 180 ሴንቲ ሜትር የግራና የቀኝ ጎኖች ይገኛሉ። ከቀሪዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሦስት ሦስት መደቦች፣ በድምሩ ስድስት መደቦች ይወጣሉ። የእያንዳንዱ መደብ ርዝመት 76.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ80ው ላይ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት፣ ማለትም 3.6 ሴንቲ ሜትር፣ ሲቀነስ ማለት ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ አስልቼ ረክቼ ነበር። ያላሰላሁት ቁርጦቹን ነበር። አራት ረጅም፣ ስምንት አጭር፤ በጠቅላላው 12 ቁርጥ።

አሥራ ሁለት ብቻ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ይዤው ቢሆን ኖሮ የቀረው ውሳኔ በራሱ ጊዜ ይወጣ ነበር።

ኪራዩን መረጥሁ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉትን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ዞሬ የአዲስ ክብ የኤሌክትሪክ መጋዝ ዋጋ ጠይቄ ነበር። ብሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። የሚጠቅመው ንጽጽሩ ነው። እኔ ባገኘሁት ዋጋ የአንድ ቀን ኪራይ የአዲሱን መጋዝ አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። ደህና የእጅ መጋዝ ደግሞ ከአንድ ቀን ኪራይ ያንስ ነበር። ይህኛውን ንጽጽር ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው።

ያከራየኝ ሰው የግንባታ መሣሪያ የሚያከራይ ነው፤ በብዛት የኮንክሪት ማደባለቂያና መወጣጫ ለሚፈልጉ ሰዎች ያከራያል። የመጋዙን ዋጋ ግማሽ በጥሬ ገንዘብ መያዣ ጠየቀኝ፤ መታወቂያዬንም። ገንዘቡን ሰጠሁ። የመታወቂያውን ቅጂ እንጂ ዋናውን አልሰጥም አልሁና ከብዙ ንግግር በኋላ ተስማማን። ዋናውን አትስጡ። ሰውየው ደህና ቢሆን እንኳን ሱቁ ተዘግቶ ብታገኙት ቀናችሁ ይበላሻል። መጋዙን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ካልመለስሁ ሁለተኛ ቀን እንደሚቆጠርብኝም ነገረኝ። ያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት መጋዙን ይዤ ሰፈር ደረስሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራስ ስለነበረች ቤት ውስጥ መቁረጡ አይታሰብም። ኮምፔርሳቶውም ቢሆን በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ ነበር። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ሠላሳ ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ክብደቱ ባያስቸግር ስፋቱ ያስቸግራል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ፣ ከብሎኩ ጀርባ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስቀምጬ ጀመርሁ። መሬት ላይ ያሉት ጎረቤቴ፣ እማማ የምላቸው፣ መብራት ከቤታቸው እንድስብ ፈቀዱልኝ። «ልጄ፣ ብቻ እጅህን!» አሉኝና በራቸው ላይ ቆመው ሲመለከቱኝ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ነገር አልቆረጥሁም። መለካትና ማስመር ነበር ሥራዬ። ማሽኑ ተከራይቶ ወንበሩ ላይ ተኝቷል፤ ኪራዩ ይቆጠራል፤ እኔ በእርሳስ አሰምራለሁ። መለካቱን ሐሙስ ማታ መጨረስ ነበረብኝ። መጋዝ የምትከራዩ ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፤ መጋዙ በራችሁን ከመርገጡ በፊት እያንዳንዱ መስመር ተሰምሮ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተጽፎበት ይጠብቀው።

ማስመሩም ቢሆን ስሕተት ነበረበት። 30፣ 60፣ 90 እና 120 ላይ አራት መስመር አሰመርሁ። የመጋዝ ምላጭ ግን እንደ ጺም መላጫ ምላጭ ቀጭን አይደለም፤ ክብ መጋዝ በሚያልፍበት ሁሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ እንጨት ወደ ዱቄትነት ይለውጣል። በመስመሩ መካከል ስትቆርጡ ከሁለቱም ወገን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ቁራጭ ከሌሎቹ ሰፋ ብሎ ወጣ። ትክክለኛው አሠራር አንዱን ቆርጦ፣ ከተቆረጠው አዲስ ጫፍ እንደገና 30 ለክቶ፣ ምላጩን ከመስመሩ ውጭ ባለው በኩል ማስኬድ ነው። አራት ጊዜ 30፣ ሲደመር አራት ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር፣ 121.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከ122ው ውስጥ ይበቃል። ቦታው ነበረ። ዕውቀቱ ነበር ያልነበረው።

ሁለቱን ረጅም ቁርጦች ደህና አድርጌ ቆረጥሁ። ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ አጥብቄ ማስጠጊያ ስላደረግሁለት መጋዙ አልባከነም። የመጋዙን ጥልቀትም ከእንጨቱ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አሳልፌ ነበር ያስተካከልሁት። ጥርሱ በዝቶ ከሥር ሲወጣ ለእጅም ለእግርም አደገኛ ነው። ክብ መጋዝ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የኮምፔርሳቶው የላይኛው ፊት ይሰነጣጠራል። ስለዚህ የሚታየውን መልካሙን ፊት ወደ ታች ገልብጣችሁ አስቀምጡት። በእጅ መጋዝ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የእጅ መጋዝ ሲገፋ ወደ ታች ስለሚቆርጥ መልካሙ ፊት ከላይ መሆን አለበት። በመስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍም በሁለቱም ይረዳል።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ለአከራዩ ደወልሁለት። መብራት መጥፋቱ የእርሱ ጉዳይ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ስንዋዋል አላነሣሁትምና መከራከሪያ አልነበረኝም። መብራት አሥር ሰዓት ላይ ሲመጣ ለመመለሻው ሁለት ሰዓት ቀርቶኝ ነበር፤ ከዚያ ላይ መንገዱ አንዱን ሰዓት ይወስዳል። ቀሪዎቹን ሁለት ረጅም ቁርጦች በጥድፊያ ቆረጥሁ። ወዲያው አንዱን ረጅም ቁራጭ ጫፍና ጫፉን በሁለቱ ወንበሮች ላይ አስደግፌ በ180ው መስመር ላይ መጋዙን አስገባሁ።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህ የሚጎዳ ነገር ነው። ቁርጡ በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል ነበር። ምላጩ ገፍቶ ሲሄድ የቀረው እንጨት እየሳሳ መጣና በራሱ ክብደት ወደ ታች ጎበጠ። እንጨት ወደ ታች ሲጎብጥ የተቆረጠው ክፍተት ከላይ ይጠባል፤ ምላጩን ይነክሰዋል። በደቂቃ አምስት ሺህ ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ምላጭ ሲነከስ የሚሄድበት አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው፤ ወደ ያዘው ሰው ነው የሚመለሰው። መጋዙ ከእንጨቱ ዘልሎ ወጥቶ ወደ ኋላ ወረወረኝ። ምላጩን ከሥር የሚሸፍነው የታችኛው መከለያ በጊዜው ተዘጋ እንጂ፣ መጋዙ የወደቀው ከቀኝ ጭኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። እማማ ጮኹ። እኔ መጮህም አልቻልሁም።

ቆም ብዬ ሳስበው ያን ሥራ አደገኛ ያደረገው ማሽኑ ብቻ አልነበረም። የተከራየሁት ሰዓት ጭምር ነበር። የራሴ መጋዝ ቢሆን ኖሮ መብራት ሲጠፋ ትቼው እነሣ ነበር፤ ለማግስቱ ወይም ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆየው ነበር። እንደዚያ ቅዳሜ ዓይነት ጥድፊያ ውስጥ ከገባችሁ ሁለተኛውን ቀን ክፈሉ። ገንዘብ ነው፤ ይመለሳል። እንጨት ስትቆርጡ ደግሞ የሚቆረጠው ወገን በነጻነት ወደ ታች እንዲወርድ አድርጋችሁ፣ ወይም ሙሉውን ከሥር በጣውላ አስደግፋችሁ ቁረጡ እንጂ በሁለት መደገፊያ መካከል በፍጹም አትቁረጡ። ራሳችሁም ከምላጩ መስመር ወደ ጎን ቁሙ።

መጋዙን ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ ስምንቱ አጫጭር ቁርጦች ሳይቆረጡ መለስሁት። አከራዩ ምላጩን አዙሮ አየና አንድ ጥርስ ጎድሏል አለኝ። እውነትም ጎድሎ ነበር። ከእኔ በፊት ይሁን በእኔ እጅ፣ ላረጋግጥ የምችልበት ምንም አልነበረኝም። ከመያዣው ላይ የምላጩን ዋጋ ቆረጠ። ጠዋት ላይ በስልኬ ሁለት ፎቶ ባነሣ ኖሮ ይህ ክርክር ባልተነሣ ነበር። ስለዚህ የምትከራዩ ከሆነ እዚያው አከራዩ ፊት ይህን አድርጉ። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ የታችኛውን መከለያ በእጃችሁ ከፍታችሁ ልቀቁት፤ በራሱ ፈጥኖ ካልተዘጋ ያንን መጋዝ አትውሰዱ። ገመዱ ወደ ማሽኑ የሚገባበትና ስፒናው ላይ ተልጦ እንደሆነ እዩ። ምላጩን ጥርስ በጥርስ አዙራችሁ ፎቶ አንሡ። ምላጭ መፍቻ ቁልፉ አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከዚያ አስነሡትና ያለ እንጨት ስሙት፤ ከውስጥ ብዙ ብልጭታ ከታየ ካርቦኑ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ መብራት የሚያስተላልፈው ትንሽ ቁራጭ፣ አልቋል ማለት ነው። መብራት ቢጠፋ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጠርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩና በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኪራይ ማሽን ላይ ያለው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ የደነዘዘ ነው፤ ከእናንተ በፊት ምስማርና ሲሚንቶ ያለበትን የፎርም ሥራ ጣውላ ሲቆርጥ ከርሟል። የእኔው እንጨቱን እያጠቆረ፣ እያጨሰ ነበር የቆረጠው። ማሽኑን ተከራይታችሁ ምላጩን ራሳችሁ መግዛት ይሻላል። የማሽኑን ምላጭ ስፋትና የመሀል ቀዳዳውን መጠን ለክታችሁ፣ ለኮምፔርሳቶ ባለ 40 ጥርስ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፈልጉ። ባለ 24 ጥርሱ ጣውላ በቁመቱ ለመሰንጠቅ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ መርካቶ ሄጄ የእጅ መጋዝ ገዛሁ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ጠቆር ያሉ፣ በእሳት የጠነከሩ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ይቆርጣል፤ ሲደነዝዝ ግን በሞረድ አይሳልም። ሁለተኛው ቶሎ ይደነዝዛል፤ ነገር ግን በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ እየተሳለ ዓመታት ያገለግላል። ለአንድ አጭር ሥራ የመጀመሪያው ይበቃልና እርሱን ወሰድሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በርዝመቱ ተመልከቱት፤ ከተጣመመ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም።

ስምንቱን ቁርጦች በሁለት ምሽት፣ በረንዳ ላይ፣ ማንንም ሳልረብሽ ቆረጥሁ። እያንዳንዱ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ቁርጥ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ወሰደ። መጋዙ እየጠበቀ ሲያስቸግረኝ በምላጩ ግራና ቀኝ ሻማ አሸሁበት፤ ወዲያው ተንሸራተተ። መጋዙን ሳትጫኑት በራሱ ክብደት አስኪዱት፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚወድቀውን ቁራጭ በሌላው እጃችሁ ያዙ፣ አለበለዚያ ጥጉ ይሰነጠቃል። መብራት አንዱን ምሽት ጠፍቶ ነበር። በፋኖስ ቀጠልሁ።

ስፋታቸው የተለያየውን ስምንቱን ቁራጮች ግን በእጄ ማስተካከል አልቻልሁም። ከሰፈራችን መግቢያ አጠገብ ወዳለ የእንጨት ሥራ ቤት ወሰድኋቸው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ አናጺ ናቸው። ቁራጮቹን አንድ ባንድ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ያጠቆረውን ጠርዝ አዩ።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። መጋዝ ተከራይቼ።»

«ስንት ቁርጥ ነበር?»

ቆጠርሁላቸው። አራት ረጅም፣ ስምንት አጭር።

«አጫጭሮቹን በእጅ ቆርጠሃል፤ ደግ አድርገሃል። ለአራቱ እኔ ዘንድ ብትመጣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ያልቅልህ ነበር፤ ልጄ።»

ስምንቱንም በጠረጴዛ መጋዛቸው ላይ አሳልፈው ወደ 29.5 ሴንቲ ሜትር አስተካከሏቸው። በሰዓቴ ስድስት ደቂቃ ነው የወሰደው። የጠየቁኝ ገንዘብ ከአንድ ቀን ኪራይ ሩቡ ነበር። ቅዳሜ ዕለት የተከራየሁት ማሽንም ቢሆን ምላጩ እንጨት ውስጥ የቆየበት ጊዜ ቢደመር ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ቀኑን ሙሉ የከፈልሁት ለዚያች ሩብ ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲህ የልጄን ማጥኛ ጠረጴዛና የጫማ መደርደሪያ ሠርቻለሁ። አሁን የምከተለው መንገድ አንድ ነው። ረጃጅሙን ቁርጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያስቆርጡታል፤ አጫጭሩን በእጅ መጋዝ ቤት ይጨርሱታል። ኮምፔርሳቶው ተሰንጥቆ ሲመጣ በደረጃው መታጠፊያ ያልፋል፤ አንድ ሰው ብቻውን በትከሻው ተሸክሞት ይወጣል። ይህ ብቻውን የሁለት ተሸካሚ ዋጋ ያድናል። ወደ እንጨት ሥራ ቤት ስትሄዱ ግን ልካችሁን በቃል አትናገሩ። በወረቀት ላይ ሥሉት፤ በሚሊ ሜትር ጻፉት፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ስጡት። አንድ ዓይነት ስፋት ያላቸውን ሁሉ ማስጠጊያው ሳይነቃነቅ በአንድ ጊዜ እንዲቆርጡላችሁ ለምኗቸው፤ ያኔ ሚሊ ሜትርም አይለያዩም። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲወጣ ሁለተኛው ሳይጀመር ለኩት። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀር አትሂዱ፤ አልጋና ሶፋ ያዘዘ ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን ይደርስባቸዋልና እጃቸው አይፈታም።

ታዲያ ኪራይ መቼ ነው የሚያዋጣው? እንጨቱ ከቦታው ሊነሣ የማይችል ሲሆን ነው። የተገጠመ በር ከሥሩ መቆረጥ ሲኖርበት፣ የጣሪያ ሞራሌ ተሰቅሎ ሳለ ጫፉ መስተካከል ሲያስፈልገው፣ ወይም ቁርጡ ብዙ ሆኖ በአንድ ቀን ሊያልቅ የሚችል ሲሆን። መግዛት የሚያዋጣው ደግሞ እኔ ባሰላሁት ሒሳብ በዓመት ውስጥ አሥር ቀን የምትከራዩት ከሆነ ነው። ክብ ወይም ጠምዛዛ ቅርጽ የምታወጡ ከሆነ ብቻ ጂግሶ፣ ማለትም ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ አስቡ፤ ለቀጥታ ረጅም ቁርጥ አትመኑት፣ ምላጩ ወደ ጎን ይሄዳል።

የወንድሜን ስጦታ ያልተቀበልሁበትን ምክንያትም ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚያጋጥም ነውና። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ያን መጋዝ በቀጥታ ብሰካው ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ለእንዲህ ዓይነት መጋዝ የሚሆን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ውድ ነው፤ ለሬዲዮ የሚሸጠው ትንሹ አይችለውም። ባትሪ ያለው ቢሆን እንኳን ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታዩ እንዳትሰኩት። ከዱባይ የሚመጣው ግን ቮልቱ ከእኛው ጋር ይስማማል፤ ስፒናው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሚሆን ማገናኛ ብቻ ይፈልጋል። ማስረዘሚያ ገመድም አትናቁ። ቀጭን ገመድ በኃይለኛ ማሽን ይግላል፤ በጥቅል ያለ ገመድ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይተረተር አትጠቀሙበት።

በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። መጋዝ ሲጠፋ ግራይንደር ላይ ባለ ጥርስ የእንጨት ምላጭ ገጥሞ መቁረጥ በየሰፈሩ ይታያል። አታድርጉት፤ ሲደረግም አጠገቡ አትቁሙ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11 ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከክብ መጋዝ በእጥፍ ይፈጥናል። በራሱ የሚዘጋ መከለያ የለውም፤ እንጨቱ ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ መቀመጫም የለውም። እኔን ያዳነኝ ያ መከለያ ነበር።

ባለፈው ክረምት ከብሎካችን አራት አባወራዎች ተነጋግረን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ክብ መጋዝ ገዝተናል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የተረዳሁትም ከእድራችን ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ትልልቁን ድስት አንድ ቤት ብቻውን ቢገዛው ዓመቱን ሙሉ ቦታ ይዞ ይቀመጥ ነበር። የጋራ ሲሆን ግን በየጊዜው ይሠራል። መጋዙ የሚቀመጠው መሬት ላይ እማማ ቤት ነው። መዝገብ አለው፤ የወሰደው ሰው ይፈርማል፤ ምላጩን ያጎደለ ይተካል። መከለያው መዘጋቱን ካላዩ እማማ አይሰጡም፤ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው። የእጅ መጋዜ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሁለተኛ ፎቅ፣ ለልጁ አልጋ እየሠራ ካለ ጎረቤቴ ዘንድ ነው፤ ሻማዋንም አብሬ ሰጥቼዋለሁ።